የቱሉ ዲማ ቆጠራ

መስከረም 18 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሮቤ

ይድረስ ለተከበሩ መምህር ወልደጻድቅ
አሰላ

ሰላምታዬ ከነቤተሰብዎ ይድረስዎ። የላኩልኝን ወረቀት ሹፌሩ እንደሻው የሚኒባሱን ሞተር እንኳ ሳያጠፋ በመስኮት አቀበለኝ። ማን እንደሆንኩ፣ ማን እንደላከኝ፣ ሂሳብ ምን ያህል እንደምችልና ይህ ነገር ለምን እንዳስፈለገኝ ጠይቀዋል። በተራ እመልሳለሁ።

ሐመልማል እባላለሁ፤ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። የተማርኩት ዕፅዋት ነው። የደጋ ሣር ማልሚያ የሚባል ፕሮጀክት ቀጥሮኝ ሮቤ ከመጣሁ ሰባት ወር ሆነኝ። ማንም አልላከኝም። አሰላ ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ ስጠብቅ አንድ የድሮ ተማሪዎ በእጄ የያዝኩትን የቁጥር ወረቀት አይቶ አዘነልኝና ስለ እርስዎ ነገረኝ። «ስልክ እንዳትደውዪ፤ ጆሯቸው አይሰማም፣ ይጮኹብሻል» አለኝ። ስለዚህ እጽፋለሁ። ሂሳብን በተመለከተ አማካይ ማውጣት እችላለሁ። ከዚያ በላይ ያለውን ፈተናውን አልፌዋለሁ እንጂ አልተማርኩትም።

ለምን እንዳስፈለገኝ ደግሞ ይኸውልዎ። ከቱሉ ዲማ መንደር በላይ የስልሳ ሦስት አባወራ የጋራ ግጦሽ አለ። ፕሮጀክቱ «ከብት እየጎዳው ከሆነ ይታጠራል» ብሏል። ጎዳው አልጎዳው ብሎ የሚጽፈው ባለሙያ ማነው ቢሉ እኔ ነኝ። ከመንደሩ ደጃፍ እስከ ላይኛው ጫፍ አርባ ስምንት ቦታ መርጫለሁ። በየቦታው የበቀለውን ሁሉ፣ ከፍታውን፣ የአፈሩን ጥልቀት፣ ተዳፋቱንና የከብቱን ብዛት እመዘግባለሁ። ተክሉ ብቻ ሠላሳ አንድ ዓይነት ነው። አንድ በአንድ ሳየው እርስ በርሱ ይጣላብኛል፤ ሁሉን ባንድ ላይ እንዴት እንደማይ ግን አላውቅም።

አክባሪዎ፣ ሐመልማል


መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም.
አሰላ

ለልጄ ለሐመልማል

ደህና ነሽ ወይ? እኛ ከዕድሜ በቀር ሌላ በሽታ የለብንም። «አልፌዋለሁ እንጂ አልተማርኩትም» ያልሽውን ለባለቤቴ ለሸዋዬ አንብቤላት ሳቀች። እኔ ግን ለራሴ ነው የደነገጥኩት። ሠላሳ ዓመት ስታቲስቲክስ ሳስተምር ምናልባት እኔም ያሳለፍኩት እንጂ ያስተማርኩት ሰው ላይኖር ይችላል።

የጠየቅሽውን በሠርግ ልንገርሽ። አርባ ስምንት እንግዳ ተጠርቶ አስተናጋጅ የለም እንበል። ሰው በገዛ ፈቃዱ የሚቀመጠው ከሚመስለው አጠገብ ነው። ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ ዳስ ማዶና ማዶ የተቀመጡትን እያየሽ «እነዚህን ከእነዚያ የለያቸው ምንድን ነው? ዕድሜ ነው? አገር ነው?» ትያለሽ። ያንቺም ሥራ ይኸው ነው። መጀመሪያ ቦታዎቹን በበቀለባቸው ተክል አቀማምጫቸው፤ የሚመሳሰሉት ይቀራረቡ፣ የማይመሳሰሉት ይራራቁ። ከዚያ በኋላ ከፍታውን፣ አፈሩንና ከብቱን እንደ ቀስት በላዩ ላይ ትዘረጊያቸዋለሽ። ረጅሙ ቀስት ለያያቸው ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ይህን በዓይን ቅጽበት ይሠራዋል፤ የሠራውን ማመንና አለማመን ግን ያንቺ ፈንታ ነው።

ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። ሰርዶ በየቦታው ሞልቶ ሌላውን ሁሉ ይውጥብሻል፤ ስብሰባ ላይ እንደሚጮኸው ሰው ነው። የሁሉንም ቁጥር ስኩዌር ሩት ውሰጂ፣ ድምፁ ይቀንሳል። ሁለተኛው ዜሮ ነው። ሁለት ቦታዎች ጅባራ ስለሌለባቸው ብቻ ይመሳሰላሉ አትበዪ። እኔና አንቺ ዝሆን የለንም፤ በዚህ ግን ዘመዳሞች አልሆንንም።

ስለ ምስጋናው ተይው። ቁጥር ናፍቆኝ ነው እንጂ ጽድቅ ፈልጌ አይደለም።

ወልደጻድቅ


ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሮቤ

ይድረስ ለጋሽ ወልደጻድቅ

ስለቆየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዝናቡ አላቆም ብሎ መኪናው ሁለት ቀን ጭቃ ውስጥ አደረ። ሠላሳ ቦታ ጨርሻለሁ፤ አሥራ ስምንት ይቀረኛል።

በመሃል በላኩልኝ ቁራጭ ወረቀት እንዴት እንደምሠራ በዝርዝር እንድጽፍ አዘዋል። መኪናው ከሮቤ የሚነሳው ቢሮ ከተከፈተ በኋላ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። አራት ሰዓት ቱሉ ዲማ እንደርሳለን፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲል ሹፌሩ ጡሩምባ ይነፋል። ገመድ የሚይዝልኝና የተክሉን ስም የሚነግረኝ ቦንሳ የሚባል የመንደሩ ሰው ነው። አርባ ዓመት ይሆነዋል። ያልተጠየቀውን አይናገርም፤ የተጠየቀውንም ቆጥቦ ነው።

ከብቱን እንዴት እንደምቆጥር ጠይቀዋል። ከብት አይቆጠርም፤ ሲቆጥሩት ይሄዳል። እበቱ ግን ባለበት ይቆያል። ስለዚህ በየቦታው የወደቀውን እበት እቆጥራለሁ፤ የምጠቀምበት መጽሐፍም ይፈቅዳል። እበት የበዛበት ከብት በዝቶበታል፣ የሌለበት ከብት አልደረሰበትም ማለት ነው። ላይኛው ግጦሽ ላይ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አራት አገኛለሁ። ለቤቶቹ ቅርብ በሆኑት አሥራ ስድስት ቦታዎች ላይ ግን አንድም የለ። ስመዘግብ ቦንሳ ወረቀቱን አየና «ዜሮ?» አለኝ። «ዜሮ» አልኩት። ሳቀና ገመዱን ጠቀለለ።

የሰውዬው ሳቅ እንግዳ ነው፤ ለምን እንደሚስቅ አይታወቅም። ለእትዬ ሸዋዬ ሰላምታ ያቅርቡልኝ።

ሐመልማል


ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.
አሰላ

ልጄ ሐመልማል

የእበቱ ነገር ብልህነት ነው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ አላስበውም ነበር። ሸዋዬ የላከችው በሶ ነው፤ ለተራራ ይሆናል ብላለች፤ እንደሻው መንገድ ላይ እንዳያጋምሰው ከረጢቱን ሰፍታዋለች።

በኋላ በላክሽው ቁራጭ ወረቀት «የቀስቱ ርዝመት በአጋጣሚ የመጣ አለመሆኑን በምን አውቃለሁ?» ላልሽው፣ ዕጣ ጣይበት። የእበቱን ቁጥሮች ከየቦታቸው አንሺና እንደ ዕቁብ ወረቀት በባርኔጣ ውስጥ አደባልቂያቸው። በዘፈቀደ ለቦታዎቹ መልሰሽ አድዪና ቀስቱን እንደገና ለኪው። ይህን ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ጊዜ አድርጊው፤ ኮምፒውተሩ አይሰለቸውም። ተደባልቆ የመጣው ቀስት ከእውነተኛው ጋር የሚስተካከለው አንዴ ወይ ሁለቴ ብቻ ከሆነ አጋጣሚ አይደለም። መቶ ጊዜ ከተስተካከለው ግን ወረቀትሽን አጥፈሽ ወደ ቤትሽ ግቢ።

ወልደጻድቅ


ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሮቤ

ይድረስ ለጋሽ ወልደጻድቅ

አርባ ስምንቱም ቦታ አልቋል፤ ኮምፒውተሩ የሠራውን ሥዕል ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ላይኞቹ ቦታዎች በግራ፣ የመንደሩ ደጃፍ በቀኝ ተቀምጠዋል። በቀኝ በኩል ሰርዶና ማገጥ ጥቅጥቅ ብሏል። በግራ ጓሳው ሳስቷል፣ አፈሩ ይታያል። ከቀስቶቹ ሁሉ ረጅሙ የእበት ቀስት ነው፤ ቀጥ ብሎ ወደ ሳሳው ይጠቁማል። ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ጊዜ አደባልቄ አንድም የሚስተካከለው አላገኘሁም። ከፍታውና እበቱ አብረው የሚጨምሩ እንዳይሆኑ ፈርቼ የከፍታውን ድርሻ አውጥቼ አየሁት፤ ቀስቱ ብዙም አላጠረም።

እንግዲህ ይህ ማለት ከብት ያልደረሰበት ለምለም፣ ከብት የበዛበት ራቁቱን ነው ማለት ነው። ፕሮጀክቱ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ኃላፊው ሥዕሉን ሲያይ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ ይህ ደስ ሊያሰኘኝ ይገባ ነበር።

ከታጠረ የስልሳ ሦስቱ አባወራ ከብት የት እንደሚሄድ በእቅዱ ላይ አልተጻፈም። ከደብረ ብርሃን የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ግጦሽ ማጣት ምን እንደሆነ ሰው አይነግረኝም። ከነዚህ ቤቶች መካከል ወተት እየሸጠ ልጅ የሚያስተምረውን በስም አውቃለሁ። ሪፖርቱን የምፈርመው ታኅሣሥ 15 ቀን ነው። እስከዚያ ስህተት ካዩበት አንድ መስመር ይበቃኛል፤ አልፈርምም። ከፈረምኩ በኋላ ግን መመለሻ የለውም፤ ምሰሶ ይታዘዛል።

ሐመልማል


ኅዳር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.
አሰላ

ልጄ ሐመልማል

ሁለት ቀን አገላብጬ አየሁት። ስህተት የለበትም። እንዲህ የጠራ ሥዕል በሠላሳ ዓመቴ ያየሁት ሦስቴ ቢሆን ነው፤ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ስለ አባወራዎቹ የጻፍሽው ልብሽ መልካም መሆኑን ያሳያል። ቁጥር ግን ሆድ የለውም። አንቺ ያየሽውን ጻፊ፤ ከብቱ የት ይሂድ የሚለውን ሌላ ሰው ይመልስ። ፈርሚ።

ወልደጻድቅ


ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሮቤ

ይድረስ ለጋሽ ወልደጻድቅ

ከፈረምኩ ሦስት ቀኔ ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ደብዳቤ ጽፌልዎ ነበር፤ መልስ አላገኘሁም። እንደሻውን ብጠይቀው «ሁለት ጊዜ ፖስታ ይዘው መናኸሪያ መጡ፤ ሰጥተውኝ፣ መኪናው ሳይሞላ ተመልሰው ነጠቁኝ» ይለኛል። ታመው ከሆነ እትዬ ሸዋዬ አንድ ቃል ይጻፉልኝ።

ምሰሶው መጥቷል። ከቱሉ ዲማ በታች መንገድ ዳር ተራግፏል። ትናንት ቦንሳ ከምሰሶው በላይ ተቀምጦ አየሁት፤ ሰላም ስለው ተነሳ እንጂ አልሳቀም።

ሐመልማል


ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.
አሰላ

ለሐመልማል

አልታመምኩም። ብታመም ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 29 ቀን፣ ፈርሚ ብዬ በጻፍኩልሽ በሁለተኛው ቀን፣ ሸዋዬ ምሳ ይዛ መጣች። ሥዕሉን አፍጥጬ ሳየው «ምንድን ነው እንዲህ እንደ ሙሽራ የምታየው?» ብላ ጆሮዬ ላይ ጮኸች። በኩራት አስረዳኋት። ይኸውልሽ እበት፣ ይኸውልሽ ከብት፣ ይኸውልሽ ደጃፍ፣ ዜሮ። እሷም ሳህኑን እያስቀመጠች «ከደጃፍ ያለውን እበት ማን ለቅሞት እንደሆነ ጠየቃችሁ?» አለችኝ።

ሸዋዬ የገጠር ልጅ ናት። በልጅነቷ ማለዳ ቅርጫት ይዛ እበት ትለቅም ነበር። ከቤት አጠገብ የወደቀው ፀሐይ ሳይወጣ ይለቀማል፤ ተጠፍጥፎ ኩበት ይሆናል፣ ይነዳል። ዳገት ወጥቶ ከላይኛው ግጦሽ የሚለቅም ግን የለም። አንቺ አራት ሰዓት ላይ ስትደርሺ ደጃፉ ተጠርጎ አልቋል። ዜሮው ከብት አለመኖሩን አያሳይም፤ ሴቶቹ ቀድመውሽ መነሳታቸውን ነው የሚያሳየው። ከብቱ ከላይም ከታችም ይግጣል። ቀስታችን የለካው ቅርጫት የደረሰበትንና ያልደረሰበትን ነው።

እኔ ምን እንዳልኳት ልንገርሽ። «አንቺ ስለ ስታቲስቲክስ ምን ታውቂያለሽ?» አልኳት። አፍሬ ነው የምጽፈው። እሷ ወደ ጓዳ ገባች፤ እኔም ምሳውን አልበላሁም።

ያን ቀን ብጽፍልሽ አሥራ ስድስት ቀን ነበረሽ። ጽፌም ነበር። መናኸሪያ ድረስ ወስጄ መለስኩት። ዕድሜዬን ሁሉ የሰው ስህተት በቀይ ስክሪብቶ ሳርም ኖሬ፣ የእኔን ስህተት ግን ቅርጫት ይዛ ያደገች ሴት የምታውቀው ሆኖ አገኘሁትና ዋጥ አድርጌ ልለፈው አልኩ። «ምናልባት ቢሮው ያዘገየዋል» እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። ምሰሶው መጣ ስትዪኝ እንቅልፍ አጣሁ። ምን ላድርግልሽ?

ወልደጻድቅ


ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሮቤ

ለአቶ ወልደጻድቅ

እንዴት ሰነበቱ የሚለውን ለዛሬ ልለፈው።

ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ ቱሉ ዲማ ሄጄ ቦንሳ ቤት አደርኩ። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደጃፍ ወጣሁ። አሥራ አንድ ሴቶች ቆጠርኩ፤ ቅርጫታቸውን ይዘው እየተጨዋወቱ ነበር። ከመልቀማቸው በፊት አሥራ ስድስቱን ቦታዎች ዞርኩ፤ ከላይኛው ግጦሽ የሚያንስ አልነበረም። አንድ ሰዓት ሲሆን አንድም አልቀረም። ሦስት ወር ሙሉ የመዘገብኩት ዜሮ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ዓይኔ እያየ ተሠራ።

ቦንሳን ለምን እንዳልነገረኝ ጠየቅሁት። «ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ እንዴ?» አለኝ። «እበት እንደሚለቀም የማያውቅ ሰው አለ ብዬ በየት በኩል ላስብ? መንግሥት የፈለገውን ዜሮ የምትጽፊለት መስሎኝ ነበር።» ይህን ሲል አልተቆጣም። ከተናገረው ሁሉ የከበደኝ የመጨረሻው ነው።

እበቱን አውጥቼ ሥዕሉን እንደገና ሠራሁት። የቀረው ረጅም ቀስት የአፈር ጥልቀት ነው፤ ላይኛው ድሮም ድንጋያማ ነው። ከብት ይጎዳዋል ወይስ አይጎዳውም ቢሉኝ አላውቅም። ያለኝ መረጃ ይህን ለመመለስ አይችልም። ሪፖርቴ እንዲሰረዝ በጽሑፍ አመልክቻለሁ፤ ጉዳዩ ጥር 26 ቀን በቀበሌው አዳራሽ ሕዝቡ ባለበት ይታያል።

ተቀይሜዎታለሁ። በስህተቱ አይደለም፤ እሱ የሁለታችንም ነው፣ እንዲያውም በአብዛኛው የእኔ ነው። በአሥራ ስድስቱ ቀን ነው የተቀየምኩት። ምን ላድርግልሽ ላሉት፣ የሆነውን እንደሆነው ጽፈው በፊርማዎ ይላኩልኝ።

ለእትዬ ሸዋዬ ግን ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ሐመልማል


ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.
አሰላ

ለሐመልማል

ወረቀቱን ጽፌዋለሁ፤ ግን አልላክሁትም። ሰው ጥፋቱን በሹፌር አይልክም፤ ይዤው እመጣለሁ። ሸዋዬም «ብቻህን ሄደህ ደግሞ ከመናኸሪያ እንዳትመለስ» ብላ አብራኝ ልትመጣ ነው።

ወልደጻድቅ


ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሮቤ

ይድረስ ለጋሽ ወልደጻድቅ

በሰላም እንደገባችሁ እንደሻው ነግሮኛል። መኪናው ሲነሳ በመስኮት «ምን አሉ?» ብለው ጠየቁኝ፤ በዚያ ጫጫታ መሃል ጆሮዎ ላይ ብጮህም የሚሆን አልነበረም። እትዬ ሸዋዬም ውጭ ከሴቶቹ ጋር ስለነበሩ አልሰሙም። ስለዚህ እርስዎ ተናግረው ከተቀመጡ በኋላ የተባለውን እጽፋለሁ።

 እርስዎ ወረቀትዎን አጥፈው ኪስዎ ከተቱ። ከዚያ ሰብሳቢው ሪፖርቱ መሰረዙን አስታወቀ። ምዕራቡ በኩል አይታጠርም፤ ሠላሳ ስድስት አባወራ እንደ ድሮው ይጠቀማል። ምሥራቁ በኩል ግን አጥሩ ተተክሎ አልቋል። ሰብሳቢው «ይህ ከታኅሣሥ አጋማሽ በፊት ቢደርሰን አንድ ምሰሶ አይተከልም ነበር። አሁን ግን የተተከለውን የምናነሳው አዲስ ቆጠራ ሲቀርብ ነው» አለ። ቆጠራው አንድ ዓመት ይፈጃል። እስከዚያ ሃያ ሰባት አባወራ ከግጦሹ ውጭ ናቸው። ለእኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጥቶኛል፤ ቆጠራውን ግን እኔው እንድሠራው ተፈቅዷል። ሰኞ ማለዳ እጀምራለሁ፤ ከሴቶቹ ጋር እወጣለሁ።

በመጨረሻ አቶ ከዲሮ ተነሱ። ከፊት ወንበር ላይ ዱላቸውን ይዘው የተቀመጡት ሽማግሌ ናቸው፤ ቤታቸው ከምሥራቆቹ ነው። በኦሮምኛ ተናገሩ፣ ቦንሳ ተረጎመ። እንዲህ ነው ያሉት፦ «ሽማግሌው አይሰማም አሉኝ፤ ጻፉለት። የተማረ ሰው በሕዝብ ፊት ቆሞ ተሳሳትኩ ሲል በዕድሜዬ አላየሁም። ይቅር ብለነዋል። ሰባት ላሞች አሉኝ፤ ጠዋት ጠዋት እንደለመዱት ወጥተው አጥሩ ሥር ይቆማሉ። ወዴት ልንዳቸው?»

ሰብሳቢው ወረቀት ያገላብጥ ጀመር። ቦንሳ ተርጉሞ ሲጨርስ ወደ እኔ ዞረ። አቶ ከዲሮ ትንሽ ጠብቀው ተቀመጡ።

ይቅርታውን ብቻ ጽፌ ጥያቄውን ልተወው አስቤ ነበር። ጻፉለት ያሉት ግን ሁለቱንም ነው።

ሐመልማል